የትኛው መንግሥቱ? ሞክሼን ከሞክሼ የመለየት ጣጣ

ጸጋዬ ገብረመድኅን ማን ናቸው? አብዛኛው አንባቢ አንድ መልስ አለው፤ በ1928 አምቦ አካባቢ ተወልደው በየካቲት 1998 ኒውዮርክ ያረፉት ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት። ነገር ግን በዚሁ ስም፣ የአባት ስም እንኳ ሳይለወጥ፣ የሚታወቁ ሌላ ሰው ነበሩ። የኢሕአፓ አመራር አባል የነበሩት ጸጋዬ ገብረመድኅን በ1983 በኢሕአዴግ ኃይሎች ከተያዙ በኋላ የት እንደደረሱ ሳይታወቅ ቀርቷል። ሁለቱ የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም በአማርኛ ጽሑፎች ይነሳሉ። ሕዝቡ ግን ተደናግሮ አያውቅም። አንደኛው «ሎሬት ጸጋዬ»፣ ሌላኛው «ጸጋዬ ደብተራው» ተባሉና ነገሩ አለቀ።

ነገሩ የተበላሸው ስሙ ከሰው አፍ ወጥቶ ወደ መፈለጊያ ሳጥን ሲገባ ነው። ሳጥኑ «ሎሬት»ንም «ደብተራው»ንም አይጠይቅም፤ ሁለት ቃል ይቀበላል፣ ሁለት ቃል ይፈልጋል። ከዚያ የአንዱ ፎቶ በሌላው የሕይወት ታሪክ ላይ ይለጠፋል፣ የአንዱ የሞት ዓመት ወደ ሌላው ይዛወራል። ስሕተቱን የሚቀዳው ቀጣዩ ጸሐፊ ደግሞ ምንጭ አድርጎ ያጸናዋል።

ሞክሼዎች የሚደባለቁት ስማቸው ስለተመሳሰለ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የእኛ ስም ሰንሰለት ነው፤ የራስ ስም፣ የአባት፣ የአያት፣ በላዩ ላይ ማዕረግ፣ የክርስትና ስም፣ የቅጽል ስም፣ ለጦር ሰው ደግሞ የፈረስ ስም። ይህ ሁሉ ትርፍ ጌጥ ይመስላል፤ ሥራው ግን ሰውን ከሰው መለየት ነበር። ሞክሼ የሚደባለቀው ሰንሰለቱ የሆነ ቦታ ላይ ሲቆረጥ ነው፤ የት ላይ እንደተቆረጠ ካወቁ ደግሞ ምን ዓይነት ስሕተት እንደሚመጣ አስቀድሞ መናገር ይቻላል።

አራት መንግሥቱ

በታኅሣሥ 1953 የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ንጉሡ አገር ውስጥ በሌሉበት መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ በመጋቢት ተሰቀሉ። ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በጥር 1954፣ የአዲስ አበባ ስታዲየም «መንግሥቱ! መንግሥቱ!» እያለ ይጮኽ ነበር። ይህኛው መንግሥቱ ወርቁ ነው። ኢትዮጵያ ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ግብ አስቆጥሯል፣ በውድድሩ በ3 ግብ ከግብጹ ባዳዊ ጋር የኮከብ ግብ አግቢነቱን ተጋርቷል። በዚያው ዘመን ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ ይጽፉ ነበር። አራተኛውን መንግሥቱ ኃይለማርያምን ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ በ1966 ሻለቃ፣ በኋላ ኮሎኔል፣ እስከ ግንቦት 1983 ርዕሰ ብሔር።

«በ1953 የመንግሥቱ ሙከራ ከሸፈ» የሚል ዐረፍተ ነገር ለ1953 አንባቢ ምንም ጥርጣሬ አልነበረበትም። ዛሬ ለሃያ ዓመት ወጣት ግን መንግሥቱ ማለት ኮሎኔሉ ናቸው። ዝነኛው ሞክሼ የሌላውን ቦታ ይበላል፤ ስም በተነሳ ቁጥር ሚዛኑ ወደ እሱ ያጋድላል።

በዚህ ስም ላይ ሌላ ችግር አለ፣ ይህ ደግሞ የቋንቋው የራሱ ነው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ሆሄ ብሎ አይለይም፤ ስሞቻችን ደግሞ አብዛኞቹ የዘወትር ቃላት ናቸው። አበበ፣ ከበደ፣ ተስፋዬ፣ ታሪኩ፣ ትዕግሥት፣ ዓለም። «መንግሥቱ አዋጁን አጸደቀ» ሲባል ሰው ነው ወይስ የአገር አስተዳደር? ሰው ከአገባቡ ወዲያው ይረዳል። መንግሥቱ የተባሉ ሰዎችን ከጋዜጣ ማኅደር እንዲለቅም የታዘዘ ኮምፒውተር ግን ስለ መንግሥት የተጻፈውን ሁሉ ጠራርጎ ያመጣል። በላዩ ላይ «የመንግሥቱ»፣ «ለመንግሥቱ»፣ «መንግሥቱን»፣ «ከነመንግሥቱ» አለ፤ ስሙ ቅጥያ እየለበሰ መልኩን ይቀያይራል። ስለዚህ በአማርኛ ማኅደር ውስጥ የራስ ስምን ብቻ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። ከአባት ስም ጋር አያይዞ፣ አባትዬውም የዘወትር ቃል ከሆነ ከማዕረጉ ጋር አያይዞ መፈለግ ይሻላል። «ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ» ብሎ የፈለገ ሰው ከዘጠና በመቶ ልፋቱ ይገላገላል ብል ማጋነን አይደለም።

ስሙን በላቲን ፊደል ለሚፈልግ ደግሞ ሌላ መንታ መንገድ ይጠብቀዋል። የመንግሥቱ ኃይለማርያም የአባት ስም የኃይለማርያም ደሳለኝ የራስ ስም ነው። አንደኛው ወታደራዊ መሪ፣ ሌላኛው ከ2005 መባቻ እስከ 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር፤ የሥጋ ዝምድና የላቸውም። ሰንሰለትን እንደ ቤተሰብ ስም የሚያነብ የውጭ አገር ሰው ግን «ኃይለማርያም» የተባለ አንድ ገዢ ቤተሰብ ያለ ሊመስለው ይችላል።

አገር ቤት ትዕግሥት፣ ውጭ አገር ዲባባ

አትሌቲክስ ይህን ከምንም ነገር በላይ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የበርሊን ማራቶንን የሴቶች ውድድር እንውሰድ፣ ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ2022 ትዕግሥት አሰፋ በ2፡15፡37 አሸነፈች፤ ሦስተኛ የወጣችው ትዕግሥት አባይቸው ናት፣ 2፡18፡03። በ2023 ትዕግሥት አሰፋ 2፡11፡53 ሮጣ በጊዜው የዓለም ክብረወሰን የነበረውን ሰዓት አስመዘገበች። በ2024 ያሸነፈችው ትዕግሥት ከተማ ናት፣ 2፡16፡42። ሦስት ዓመት በተከታታይ «ትዕግሥት በርሊንን አሸነፈች» የሚል ርዕስ ቢወጣ ሦስቱም እውነት ነው። ከእነሱ በፊት ደግሞ በ2015 ለንደንን ያሸነፈች ትዕግሥት ቱፋ አለች።

ለእኛ ግርታው የራስ ስም ላይ ነው፤ ሰውን የምንጠራው በራሱ ስም ነውና። የውጭ ዘጋቢ እነዚህን አትሌቶች ጨርሶ አያምታታም፤ ለእሱ አሰፋ፣ አባይቸው፣ ከተማ እና ቱፋ ናቸው። እሱ የሚወድቀው ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ነው። እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽ እና ገንዘቤ ዲባባ እህትማማቾች ናቸው፤ በ2015 የቤጂንግ የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን ወርቅ ያገኘችው ማሬ ዲባባ ግን አባቷ ዲባባ ከመባሉ በቀር ከእነሱ ጋር የሚያገናኛት የለም። በቀለዎቹም እንዲሁ ናቸው። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ታሪኩ በቀለ፣ አራተኛ ቀነኒሳ በቀለ ሲገቡ ሁለቱ በእርግጥ ወንድማማቾች ነበሩ። ብዙነሽ በቀለን ግን በዚያው ሒሳብ እህታቸው ማድረግ ስሕተት ነው።

ያው አንድ ሰው እንግዲህ በሁለት ዓለም ሁለት ዓይነት ሞክሼ አለው። የአገር ቤት ጽሑፍ ሰንሰለቱን ከታች ይቆርጥና የራስ ስም ይዞ ይቀራል፤ የውጭው ከላይ ቆርጦ የአባትን ስም ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተሩን «ዶ/ር ቴድሮስ» ብሎ መጥራቱ ከዚህ ለመዳን ጥሩ ምሳሌ ነው። የራስ ስማቸውን ጠብቋል፣ አክብሮቱንም በማዕረግ ሰጥቷል።

ይበልጥ የሚያስቸግረው መቁረጫው ቦታ ወጥ አለመሆኑ ነው። በዓለም አትሌቲክስ መዝገብ ትዕግሥት አሰፋ «የቤተሰብ ስም» ሆኖ የተሰጣት የአባቷ ስም ነው። በ2024 እና በ2025 ቶኪዮን ያሸነፈችው ሱቱሜ አሰፋ ግን በሦስት ስም ተመዝግባ የቤተሰብ ስሟ ከበደ፣ ማለትም የአያቷ ስም፣ ሆኗል። በዚያ ላይ የአንዷ «አሰፋ» በላቲን በሁለት «ኤስ»፣ የሌላዋ በአንድ «ኤስ» ነው የተጻፈው። ስለዚህ በውጤት ሠንጠረዥ ላይ በቤተሰብ ስም ደርድሮ የሚፈልግ ሰው የአባትንም የአያትንም ስም መሞከር አለበት። ለአትሌት አስተማማኙ መለያ የትውልድ ቀን፣ የምትሮጠው ርቀት እና በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን መዝገብ ያላት የግል ገጽ ናቸው። ርቀት ብቻውን አይበቃም፤ ትዕግሥት አሰፋ ራሷ ወደ ማራቶን ከመምጣቷ በፊት የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች። የድሮውን ውጤቷን ያየ ሰው «ይህች ሌላ ትዕግሥት መሆን አለባት» ቢል አይፈረድበትም።

ካሳ፣ ካሳ እና ካሳ

የድሮ ሰዎች ይህን ችግር ከእኛ በተሻለ ይዘውታል። በ19ኛው መቶ ዘመን አሥራ ሰባት ዓመት ባልሞላ ልዩነት ሁለት ካሳዎች ዘውድ ጭነዋል። የቋራው ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ፤ የትግራዩ ካሳ ምርጫ በጥር 1864 ዮሐንስ 4ኛ ሆኑ። በሚያዝያ 1860 አንዱ ካሳ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ ሌላው ካሳ ለእንግሊዝ ጦር መተላለፊያ ሰጥተው ነበር። በአንድ ትረካ ውስጥ ሁለት ካሳ ተቃራኒ ቦታ ላይ ቆመዋል ማለት ነው። ያኔ የኖረው ሕዝብ ግን «መይሳው ካሳ» እና «በዝብዝ ካሳ» ብሎ ለይቷቸዋል። በዝብዝ የፈረስ ስም ነው፤ የቴዎድሮስ የፈረስ ስም ደግሞ ታጠቅ። አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነጋ፣ አባ መላ ሲባል እያንዳንዱ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ምኒልክ፣ አሉላ ወይም ሀብተጊዮርጊስ የተባለ ሌላ ሰው ቢኖርም አድማጩ ማንን እንደሚሉ ያውቃል። የንግሥና ስምና «ዳግማዊ»፣ «ቀዳማዊ» የሚለው ቁጥርም ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ሦስተኛው ካሳ ሲመጡ ግን ነገሩ ይከብዳል። በ1928 በሰሜን ግንባር ጦር የመሩት፣ በ1949 ያረፉት ራስ ካሳ ኃይሉ የራስና የአባት ስማቸው ከአፄ ቴዎድሮስ የልደት ስም ጋር ፊደል በፊደል አንድ ነው። የአያት ስም ይለያቸዋል ብለን እንሂድ። የቴዎድሮስ አባት ኃይሉ ወልደጊዮርጊስ፣ የራስ ካሳ አባት ኃይሉ ወልደኪሮስ። አያቱን ለያይቶ «ወልደ ጊዮርጊስ»፣ «ወልደ ኪሮስ» ብሎ የጻፈና ሦስተኛው ቃል ላይ ያቆመ መዝገብ ሁለቱንም «ካሳ ኃይሉ ወልደ» አድርጎ ያስቀምጣቸዋል። በዚህ ላይ ብዙ የውጭ ጽሑፎች ራስ ካሳን «ካሳ ኃይሌ ዳርጌ» ይሏቸዋል። ዳርጌ የአባታቸው አባት አይደሉም፤ የእናታቸው የወይዘሮ ትሰሜ አባት፣ የምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው። ሰንሰለቱ በእናት በኩል ዞሯል፤ ክብሩ ያለው በዚያ በኩል ስለነበረ። ሦስተኛ ስምን ባየ ቁጥር «የአባት አባት» ብሎ የትውልድ ሐረግ የሚስል ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

በዚያው የጦርነት ዓመት ሌላም አለ። በ1928 መጀመሪያ ለጣሊያን ያደሩት ደጃዝማች ኃይለሥላሴ ጉግሳ ናቸው፤ የንጉሠ ነገሥቱ ሞክሼና አማች፣ የልዕልት ዘነበወርቅ ባል የነበሩ። «ኃይለሥላሴ ለጣሊያን ገባ» ብሎ ርዕስ የሚያሳጥር አዘጋጅ ምን እንደሚያተርፍ መገመት አይከብድም። አባታቸው ራስ ጉግሳ አርአያም ሞክሼ ነበራቸው፤ በመጋቢት 1922 አንቺም ላይ የወደቁት የንግሥት ዘውዲቱ ባል ራስ ጉግሳ ወሌ። ሁለቱም ራስ፣ ሁለቱም ጉግሳ፣ የሞቱበት ጊዜም በጥቂት ዓመት ብቻ ይለያያል። እዚህ ላይ ማዕረግ አያድንም፤ የአባት ስምና አገር (የጁ፣ ትግራይ) ካልተጨመረ አይለዩም።

መስታወት ስም

ልጅን በአያቱ ስም መጥራት የኖረ ልማድ ነው። ውጤቱ ወደፊትም ወደኋላም የሚነበብ ሰንሰለት ነው። ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትርና ደራሲ ነበሩ፤ ልጃቸው ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ከየካቲት እስከ ሐምሌ 1966 በዚያው ወንበር ተቀምጠው በኅዳር 1967 ተገደሉ። በትግራይ ደግሞ የአፄ ዮሐንስ ልጅ ራስ መንገሻ፣ የእሳቸው ልጅ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ የእሳቸው ልጅ ራስ መንገሻ ሥዩም።

አባትና ልጅ በዚህ መልክ ሲሰለፉ አንድ ነጠላ ሰረዝ የታሪክ ክብደት ይኖራታል። የውጭ ማውጫ «የቤተሰብ ስም፣ ነጠላ ሰረዝ፣ የራስ ስም» የሚለውን ሥርዓት ተከትሎ አባትዬውን «እንዳልካቸው፣ መኮንን» ብሎ ይመዘግባል። ዝርዝሩ ወደ ሌላ ሠንጠረዥ ሲገለበጥ ሰረዟ ትጠፋለች፤ «እንዳልካቸው መኮንን» ይቀራል፤ አባትዬው ልጅ ሆነው አረፉት። የአባት መጽሐፍ ለልጅ ሲሰጥ፣ የልጅ አሟሟት ለአባት ሲጻፍ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ጥናት የተዘጋጁ ዋና ዋና መዝገበ ዕውቀቶች ሰውን በራስ ስሙ፣ ሳይገለብጡ፣ የሚደረድሩት ለዚህ ነው። ማውጫ የሚያዘጋጅ ሰውም ኢትዮጵያዊ ስምን ባይገለብጥ ይመረጣል። መገልበጥ ግዴታ ከሆነ ሁለቱን ቃላት በሁለት የተለያዩ ዓምዶች ማስቀመጥ እንጂ በነጠላ ሰረዝ ላይ መተማመን አያዋጣም።

ሞክሼ ፊደል የሞክሼ ሰው ጠላት

ሞክሼ የምንለው ሰውን ብቻ አይደለም፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀን፣ ሰን እና ሠን፣ አን እና ዐን፣ ጸን እና ፀንም ሞክሼ ሆሄያት እንላቸዋለን። የሁለቱ ሞክሼነት ሲገናኝ ችግሩ ይገለበጣል፤ አሁን አንድ ሰው ብዙ ሰው ይሆናል።

«ኃይለሥላሴ»ን እንቁጠር። የመጀመሪያው ድምፅ በስድስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ሥ ወይም ስ፣ ሁለት። ሴ ወይም ሤ፣ ሁለት። ተያይዞ ወይም ተለያይቶ መጻፍ፣ ሁለት። 6 በ2፣ በ2፣ በ2 ሲባዛ 48 ይመጣል። አርባ ስምንቱም በገበያ ላይ አሉ ማለት አይደለም፤ ኮምፒውተር ግን እያንዳንዱን ፊደል በራሱ ቁጥር ስለሚያውቀው አርባ ስምንት የተለያዩ ስሞች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። «ኃይሌ» የሚለው ማሳጠሪያ ሲታከል ደግሞ ሌላ ነው።

መድኃኒቱ ማስተካከል ነው። ፍለጋው በሚካሄድበት ስውር ቅጂ ላይ ሞክሼ ሆሄያትን ሁሉ ወደ አንድ መመለስ፣ ክፍተትን ማጥፋት፣ «ገብረ»፣ «ወልደ»፣ «ኃይለ»፣ «ተክለ»፣ «ሣህለ»፣ «ወለተ» የመሳሰሉትን ከተከታያቸው ቃል ጋር ማጣበቅ። ለእይታ የሚቀርበው ስም ግን ባለቤቱ እንደጻፈው መቆየት አለበት። ይህን ማምታታት የዋዛ አይደለም፤ «ሠረቀ» ማለት ወጣ፣ በራ ማለት ነው፣ «ሰረቀ» ግን ሌላ ነገር ነው። ሠረቀብርሃን የተባለ ሰው በየመዝገቡ ሌባ ሆኖ ሲጻፍ ዝም የሚል አይመስለኝም።

በላቲን ፊደል ሲመጣ ልኬቱ ይጠፋል። ቴዎድሮስ በአራት በአምስት መልክ ይጻፋል፤ መሐመድ ከዚያ ይብሳል። ኢትዮጵያዊ ሰው በላቲን ሲፈለግ ደንቡ አንድ ነው፤ ቢያንስ ሁለት አጻጻፍ ሳይሞከር «የለም» ብሎ አለመደምደም፣ ያው አጻጻፍ ስለተገኘ ደግሞ «እሱ ነው» ብሎ አለመደምደም።

በፓስፖርት ላይ ያለውም ይህንኑ ያባብሳል። ማሽን የሚያነበው የፓስፖርት የላይኛው መስመር 44 ቦታዎች አሉት፤ ከእነዚህ ለስም የሚቀሩት 39 ብቻ ናቸው፤ የሚፈቀደው ከ«ኤ» እስከ «ዜድ» ያለው ሆሄ ብቻ ነው፤ ስሙም አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት፣ «የቤተሰብ» እና «የራስ» ተብሎ፣ ይከፈላል። የሦስት ትውልድ ሰንሰለት ለሁለት ሲከፈል መሐል ላይ ያለው አባት የትኛው ጎን እንደሚወድቅ በመዝጋቢው ይወሰናል። በዲሲም በስቶክሆልምም ያሉ ቤተሰቦች ያውቁታል፤ አባት፣ እናትና ልጅ ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው አንድ በር ላይ ይቆማሉ።

መጻፊያው ጠረጴዛ ላይ

ስለ ታወቀ ሰው የሚጽፍ ሰው ከሞክሼ አደጋ የሚድነው በጥቂት ልማዶች ነው፤ አብዛኞቹ አንድ ደቂቃ እንኳ አይወስዱም።

መጀመሪያ ሲነሳ ሦስት ስም ይጻፍ፤ ሦስተኛው ካልተገኘ ሙያና ዘመን ይተካው። ሎሬት ጸጋዬን «ቀዌሳ» የሚለውን ጨምሮ መጻፍ ብቻውን ግማሹን ግርታ ያስቀራል። ማዕረግ ሲጻፍ ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን የነበረው ማዕረግ ይሁን። ሰው ማዕረግ ይቀያይራል፤ በ1966 ሰነድ ውስጥ ያለ «ሻለቃ መንግሥቱ» በ1972 ሰነድ «ኮሎኔል» ስለሆነ ሁለት ሰው አይደለም።

ዓመት የሚጠቀስ ከሆነ አቆጣጠሩ ይነገር። እዚህ ላይ አንድ ጥሩ መፈተኛ አለ። በሁለት ምንጮች መካከል ያለው የልደት ልዩነት ልክ 7 ወይም 8 ዓመት ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የዘመን አቆጣጠር እንጂ ሌላ ሞክሼ አይደለም። ልዩነቱ 3 ወይም 15 ከሆነ ግን ሁለት ሰው አብሮ የተጋገረ ሊሆን ይችላል። ሌላው ምልክት የቦታ ዝላይ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት አገር የሚሠራ፣ ከሞተ በኋላ ቃለ መጠይቅ የሚሰጥ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ኮሌጅ የጨረሰ ሰው ስታገኙ ጀግና አታድርጉት፤ ለሁለት ክፈሉት።

በአባት ስም ዝምድና መደምደም ፈጽሞ አይገባም። አክሊሉ ሀብተወልድና መኮንን ሀብተወልድ ወንድማማቾች መሆናቸው የሚታወቀው ስለተጻፈ ነው፣ ሀብተወልድ ስለተባሉ አይደለም። በተቃራኒው ዝምድና የሚደበቅበትም አለ፤ ባልና ሚስት የተለያየ ስም ይይዛሉ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ስለሺ ስኅንን አግብታም ዲባባ ናት።

ስሙን የቀየረ ሰው ከሆነ ሁለቱም ስሞች ከነጊዜያቸው ይጻፉ። መለስ ዜናዊ በልደት ስማቸው ለገሰ ናቸው፤ መለስ የተባሉት በደርግ የተገደለውን ተማሪ መለስ ተክሌን ለማሰብ ነው። እዚህ ሞክሼነት በአጋጣሚ አልመጣም፣ ተመርጧል። ከ1967 በፊት «መለስ ዜናዊ» ብሎ የትምህርት ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ፎቶ ከሁሉ ይበልጥ ያታልላል። የፍለጋ ውጤት ፎቶውን የሚያመጣው በዙሪያው ካለው ጽሑፍ ተነስቶ ነው፤ ሁለት ሞክሼዎች በአንድ ገጽ ላይ ከተጠቀሱ የአንዱ መልክ ለሌላው ሊሰጥ ይችላል። ፎቶው መጀመሪያ የወጣበትን ቦታና ቀን ያላገኘ ሰው ባይለጥፈው ይሻላል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጽፋቸው የሕይወት ታሪኮች ላይ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት። እነዚህ መሣሪያዎች በአማርኛ ያነበቡት ጽሑፍ ትንሽ ነው፤ ስለ አንዱ ሞክሼ ብዙ፣ ስለ ሌላው ጥቂት ካነበቡ ባዶውን ከዝነኛው ታሪክ ቆንጥረው ይሞሉታል፣ ያውም ያለ ምንም ማመንታት። ስለ መንግሥቱ ለማ የተጠየቀ መሣሪያ የወታደር ማዕረግ ከሰጣቸው ከየት እንዳመጣው አሁን ታውቃላችሁ።

ሕጉ፣ ቁጥሩ እና ማኅደሩ

መንግሥት በዚህ ላይ ሁለት ጊዜ እጁን አስገብቷል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የራስ ስምና የአባት ስም ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ ስምም እንዲኖረው ደንግጓል። ከስድሳ ዓመት በኋላም የቤተሰብ ስም ሥር አልሰደደም። አንድ ትውልድ የማይለወጥ ስም ማውረስ ከልማዱ ጋር አልገጠመም፤ ሰው ማንነቱን የሚቆጥረው ወደ ኋላ በአባቶች እንጂ በአንድ የጋራ ምልክት አይደለም።

ሁለተኛው በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የመጣው ፋይዳ ነው። አሥር የጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ፎቶ ወስዶ 12 አሃዝ ይሰጣል። ለባንክ ደንበኛ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ በአንድ ቅርንጫፍ አምስት «አበበ ከበደ» ቢሰለፉም ቁጥሩ ይለያቸዋል። «አበበ በሶ በላ» እያለ ፊደል የቆጠረ አገር በአበበ ብዛት ሊደነግጥ አይገባም። ለጸሐፊው ግን ቁጥሩ አይጠቅመውም። የግል መረጃ ስለሆነ አይታተምም፣ ደግሞም የምንጽፍላቸው ሰዎች ግማሾቹ ፋይዳ ሳይመጣ ያለፉ ናቸው።

ስለዚህ ሥራው ማኅደር ላይ ይቀራል። አሁን በየተቋሙ የድሮ ጋዜጦችና ፋይሎች ወደ ዲጂታል እየተገለበጡ ነው፤ ብዙውን ጊዜ መዝገቡ የሚዘጋጀው «ስም» እና «የአባት ስም» በሚሉ ሁለት ዓምዶች ነው። «ሻምበል»፣ «ቀኛዝማች»፣ «መምህር»፣ «አባ ነጋ» የሚለው ቦታ ስለሌለው ይጣላል። ቢያንስ ስድስት ዓምድ ያስፈልጋል፤ የራስ ስም፣ የአባት፣ የአያት፣ በሰነዱ ላይ እንደተጻፈው ያለ ማዕረግ፣ ሌላ መጠሪያ (የክርስትና፣ የፈረስ፣ የበረሃ፣ የብዕር)፣ እና ሰነዱ የተጻፈበት ቀን ከነአቆጣጠሩ። ሰባተኛ ቢጨመር «ይህ ሰው ያልሆነው» የሚል ይሁን፤ ሞክሼው ማን እንደሆነ አስቀድሞ የሚናገር ዓምድ። ጸጋዬ ደብተራው ገጽ ላይ «ባለቅኔው አይደሉም» የሚል አንድ መስመር መጻፍ ወረቀት አይፈጅም።